አስቸኳይ! ስላይዴ ዝብርቅርቁ ወጣ፣ ነገ ጠዋት 4 ሰዓት ነው የማቀርበው

ጥቁር አፈር (ጠያቂ)፣ ቅዳሜ ማታ 2:40
ድረሱልኝ፣ ሰላምታው ይቆየን። ፓወርፖይንቱን ቢሮ ሠርቼ በፍላሽ ቤት ይዤ መጣሁ። ላፕቶፔ ላይ ስከፍተው አማርኛው በሙሉ ዝብርቅርቁ ወጥቷል። መብራት ከ11 ሰዓት ጀምሮ የለም፣ ባትሪው 41 በመቶ ላይ ነው። ምን ላድርግ?

ፈጣኑ፣ 2:43
ፒዲኤፍ አድርገው።

ጥቁር አፈር፣ 2:44
ዝብርቅርቁን ፒዲኤፍ ባደርገው ዝብርቅርቅ ፒዲኤፍ ነዋ የሚሆነው ወንድሜ!

ሰሚት ኮንዶ፣ 2:51
መጀመሪያ ዝብርቅርቅ ስትል ምን ማለትህ ነው? ባዶ ሳጥን ሳጥን ነው ወይስ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት? የሁለቱ በሽታ ይለያያል። በምን ጻፍከው?

ጥቁር አፈር፣ 2:53
የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው። በፓወር ግዕዝ፣ ቢሮ ባለው በአሮጌው።

ሰሚት ኮንዶ፣ 3:02
ታወቀ። ጽሑፍህ አልጠፋም፣ ተረጋጋ። አሮጌው ፓወር ግዕዝ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የዓለም አሠራር) አይደለም። የኛን ፊደል በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ከስር ያለው እንግሊዝኛ ይወጣል። መፍትሔው ፎንቶቹን ላፕቶፕህ ላይ መጫን ነው። የቢሮው ኮምፒውተር ላይ ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ፎንትስ ውስጥ አሉ። ኮፒ አድርገህ ቤት ስትደርስ በቀኝ ክሊክ ኢንስቶል በላቸው። ፋይሉን ዘግተህ ስትከፍተው በራሱ ይመለሳል። እስከዚያ ምንም ነገር መርጠህ ፎንት እንዳትቀይር፣ ያኔ ነው የሚበላሸው።

ጥቁር አፈር፣ 3:05
ቢሮ እስከ ሰኞ ዝግ ነው። ዘበኛው ያለ ደብዳቤ ለራሱ ለሥራ አስኪያጁም አይከፍትም።

ገላን 7፣ 3:09
ፎንቶቹ እኔ ጋ አሉ። በቴሌግራም እልክልሃለሁ፣ በስልክህ ተቀብለህ በኬብል አሻግራቸው። ግን ለማን ነው የምታቀርበው? የመመረቂያ ጽሑፍ ዲፌንስ ከሆነ አማርኛ ምን አመጣው?

ጥቁር አፈር፣ 3:14
ዲፌንስ አይደለም። ሰፈራችን ቱሉ ዲምቱ ነው። ነዋሪው አዋጥቶ የውስጥ ለውስጡን መንገድ ኮብልስቶን ሊያነጥፍ ነው። አፈሩ መረሬ ነው፣ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ዝም ብለው ካነጠፉበት በሁለት ክረምት ማዕበል ነው የሚመስለው። ናሙና ወስጄ በራሴ ወጪ ላቦራቶሪ አስሞከርኩ። 6 በመቶ ኖራ ሲገባበት ሲቢአሩ (አፈር ሸክም የመቋቋም አቅሙ የሚለካበት) ከ2 ወደ 14 ወጣ። ነገ በዕድሩ ድንኳን 20 ደቂቃ ሰጥተውኛል። ስላይዱ 46 ነው።

ቀልድ አዋቂ፣ 3:16
እንዲሁ አሳያቸው። እንደ ክታብ ያለ ጽሑፍ ነው፣ ዕድርተኛው ፈርቶም ቢሆን ያዋጣል።

ጡረተኛው ሱፐርቫይዘር፣ 3:31
ልጄ፣ ፎንቱስ ይስተካከላል። በ20 ደቂቃ 46 ስላይድ፣ አንዱን በ26 ሰከንድ ልትል ነው?

እስቲ አንድ ነገር ላውጋህ። በ2003 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ የምትባለው የናሳ መንኮራኩር ስትነሳ ከነዳጅ ጋኗ የተገነጠለ ፎም (የጋኑ መሸፈኛ) ግራ ክንፏን መታው። እሷ ገና ህዋ ላይ ሳለች መሐንዲሶች ጉዳቱን ገምግመው በስላይድ አቀረቡ። ርእሱ የሚያረጋጋ ነበር። ከስሩ ነጥብ፣ ከነጥቡ ስር ሌላ ነጥብ። እታች መጨረሻ ላይ በደቃቁ፣ ሙከራው የተሠራው በ3 ኪዩቢክ ኢንች ፎም እንደሆነ፣ የመታት ግን 1,920 እንደሚገመት ተጽፏል። ከ600 እጥፍ በላይ! ርእስ መሆን የነበረበት እሱ ነበር። ስትመለስ አየር ላይ ተበታተነች፣ 7 ሰው አለቀ። ስላይድ ገደላቸው አልልህም። መርማሪዎቹ ግን በሪፖርታቸው ያንን ስላይድ ለይተው ተችተውታል።

አሁን ንገረኝ፣ ያንተ ዋና ውጤት ስንተኛው ስላይድ ላይ ነው?

ጥቁር አፈር፣ 3:36
41ኛው ላይ ነው ጋሼ። ከሠንጠረዡ ስር።

ጡረተኛው ሱፐርቫይዘር፣ 3:44
አንደኛው ላይ አምጣው። ርእሱን ደግሞ «የሲቢአር ውጤት» አትበል። «ኖራ የገባበት አፈር ከነበረው 7 እጥፍ ሸክም ይችላል» በል። ከስሩ ሁለት ቋሚ ግራፍ፣ 2 እና 14። በቃ። ሲቢአር ምንድን ነው ሲሉህ ትርጓሜውን ከመጽሐፍ አታንብብላቸው። ናሙናውን 4 ቀን ውኃ ውስጥ ነክረን በብረት ዘንግ ስንጫነው ምን ያህል ይቋቋማል የሚለውን ነው የለካነው በላቸው። ክረምት ላይ አሸዋ የጫነ አይሱዙ ሲገባ ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቁታል።

ፈጣኑ፣ 3:45
ከቢሮ ሳትወጣ ፒዲኤፍ አድርገኸው ቢሆን ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ሰሚት ኮንዶ፣ 3:47
ፈጣኑ አሁን ልክ ነው። ቀጣይ ጊዜ ፎንቱ ባለበት ማሽን ላይ ፒዲኤፍ አድርግ፣ ወይም ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ገብተህ ኢምቤድ ፎንትስ የሚለውን ምረጥ። ከሁሉም የሚሻለው በዩኒኮድ መጻፍ ነው፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ኢብሪማ የሚባለው ፎንት አብሮ ይመጣል።

የአቃቂው፣ 3:58
እኔ የማይገባኝ ፕሮጀክተሩ ነው። ጠዋት 4 ሰዓት፣ በሸራ ድንኳን፣ በዚያ ፀሐይ ግድግዳው ላይ ምን ይታያል? መብራትስ ባይመጣ? ባዶ ሸራ ልታሳያቸው ነው?

ጥቁር አፈር፣ 4:01
ጄኔሬተር የሚያውሰን ጎረቤት አለ። ያለ ስላይድ ደግሞ ኢንጂነር አይመስላቸውም። ባለፈው አንዱ ሽማግሌ «ይሄ ልጅ ኖራ ሊሸጥልን ነው» ብለዋል።

ላብ ቴክኒሻኗ፣ 4:12
ኖራ ቀላቅላችሁ ያቆያችሁት ናሙና የተረፈ አለህ? ካለ ስማኝ። ሁለት ብርጭቆ፣ ሁለት ጓል። አንዱ ከደጅህ ያነሳኸው የደረቀ መረሬ፣ አንዱ ኖራ የገባበት፣ ቢያንስ ሳምንት የቆየ። መጠናቸው እኩል ይሁን። መናገር ስትጀምር ፊታቸው ውኃ ጨምርባቸው፣ ከዚያ ዝም ብለህ ንግግርህን ቀጥል። መረሬው አየር እየተፋ፣ ጠርዝ ጠርዙ እየረገፈ ይወርዳል። መጨረሻ ላይ ብርጭቆው የቡና አተላ ነው የሚመስለው። ሌላው እንደ ድንጋይ ይቀመጣል። ብርጭቆዎቹን አንስተህ ለእኚያ ሽማግሌ በእጃቸው ስጣቸው።

ጓሉ በደንብ የደረቀ ይሁን፣ እርጥቡ ቶሎ አይፈርስም። ዛሬ ማታ ሞክረህ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ለካ፣ ነገ ሕዝብ ፊት እንዳያሳፍርህ። ደግሞ ይሄ ማሳያ እንጂ ሙከራ አይደለም፣ ቁጥሩን ከላብ ወረቀቱ ላይ ነው የምትጠራው።

ሌላው፣ ስትጨርስ መጀመሪያ የሚጠይቁህ «በቤት ስንት ብር ይደርስብናል?» ብለው ነው። እሱን አዘጋጅተሃል?

ጥቁር አፈር፣ 4:15
46ኛው ላይ ነው።

ቀልድ አዋቂ፣ 4:16
😂😂 ጋሼ እንዳያዩት

ገላን 7፣ 4:30
ፎንቶቹን ልኬልሃለሁ። ሦስቱንም ጫን፣ አንዱ ብቻውን አይሠራም።

ጥቁር አፈር፣ 5:26
ገባ! ተመለሰ፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል። ገላን 7 እግዜር ይስጥልኝ። ባትሪው 12 ደርሷል። 46ቱን ወደ 7 ስላይድ አውርጄ ፒዲኤፍ አደረግኩት (ፈጣኑ ደስ ይበልህ)። የብሩን ሁለተኛ አመጣሁት። ጓሉን በሻማ እየሞከርኩ ነው፣ ባለቤቴ በምግብ ሰዓት አፈር በሻይ ብርጭቆ ስዘፈዝፍ አይታ ዝም ብላኛለች። እስካሁን 6 ደቂቃ፣ ግማሹ ወርዷል።

ላብ ቴክኒሻኗ፣ እሁድ 8:20
እሺ፣ እንዴት ሆነ?

ጡረተኛው ሱፐርቫይዘር፣ ሰኞ ጠዋት 2:05
ልጄ፣ ምነው ድምፅህ ጠፋ? ከዋናው ውጤት ነው የጀመርከው?

አዲስ ገቢ፣ ረቡዕ 5:40
ሰላም ለዚህ ቤት። የኔም ስላይድ እንደዚሁ ሆኖብኛል፣ ያንን ፎንት ለኔም ላኩልኝ እባካችሁ። ዛሬ 9 ሰዓት አቀርባለሁ።

ፈጣኑ፣ ረቡዕ 5:41
ፒዲኤፍ አድርገው።