በሴራሚኩና በዞኮሎው መካከል ያለው ክፍተት በምን ይሞላ?

ሰላም ወገኖች። ሜሪላንድ፣ ቤዝመንት ነው። ሴራሚኩ ተነጥፎ አልቋል፤ ከእንጨቱ ዞኮሎ፣ እዚህ ቤዝቦርድ ከሚሉት፣ ጋር ግን አንዳንድ ቦታ 5፣ አንዳንድ ቦታ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት አለ። በግራውት፣ የሴራሚክ መገጣጠሚያ በሚሞላበት ማጣበቂያ፣ የተሞላው በሁለት ወሩ ተሰነጠቀ። ደግሜ ልሙላው?

— እህቴ፣ ግራውት እንዳትደግሚ። እንጨቱ ማሞቂያ ሲበራ ደርቆ ይኮማተራል፣ እርጥበት ሲመጣ ያብጣል። ግራውት ሲሚንቶ ነው፣ አይለጠጥም፤ ስለዚህ መሰንጠቁ አይቀርም። ክፍተቱ ራሱ ጥፋት አይደለም። ወለሉ ዙሪያውን 6 ሚሊ ሜትር ያህል መላወሻ ይፈልጋል፤ ግድግዳው ድረስ ተጨናንቆ የተነጠፈ ሴራሚክ ሲሰፋ መሄጃ አጥቶ መሃሉ ላይ ብድግ ይላል።

እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያለውን በሲሊኮን ጨርሺው፣ ከግራውቱ ቀለም ጋር የሚመሳሰል ይሸጣል። አሮጌውን ግራውት በመፋቂያ አውጪና አቧራውን በቫኪዩም ሳቢ፤ አቧራ ላይ የተደረገ ሲሊኮን እንደ ልጣጭ ይነሳል። ከዚያ ከክፍተቱ ትንሽ ወፈር ያለ የስፖንጅ ገመድ፣ ባከር ሮድ የሚሉትን፣ ወደ ውስጥ ጠቅጥቂ። ለ6 ሚሊ ሜትር ክፍተት የ9ኙ ይበቃል። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ዋናው ግን እሱ ነው፦ ሲሊኮኑ ሴራሚኩንና እንጨቱን ብቻ መያዝ አለበት። ከታች ያለውንም ከያዘ በሦስት በኩል ተወጥሮ ይቀደዳል።

በሁለቱም ጠርዝ የቀለም ቴፕ ለጥፊ፤ ሲሊኮኑን ሳታቋርጪ ሳቢው። የሳሙና ውሃ በነካ ጣት አንድ ጊዜ ብቻ አስኪጂው፣ መመላለስ ያበላሸዋል። ቴፑን ወዲያው ንቀይ። ሲሊኮኑ ቆዳ ካወጣ በኋላ ከተነቀለ ጠርዙን ይዞት ይነሳል። 24 ሰዓት ውሃ አይንካው። የ300 ሚሊ ሊትር ቱቦ፣ ስፋትም ጥልቀትም 6 ሚሊ ሜትር ሲሆን 8 ሜትር ያህል ያስኬዳል። ክፍሉ 4 በ5 ከሆነ ዙሪያው 18 ሜትር ነው፣ ሦስት ግዢ።

— የ10 ሚሊ ሜትሩን ግን በሲሊኮን አትድከሚ፣ ቢሞላም አያምርም። ከዞኮሎው እግር ሥር የሚመታ ቀጭን እንጨት አለ፣ ሹ ሞልዲንግ ይሉታል። ስትገዢ ሜትር ይዘሽ ሂጂ፤ የግማሽ ኢንች የሚባለው ብዙ ጊዜ ሲለካ 11 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለጥቂት ነው የሚሸፍንልሽ። የ19 ሚሊ ሜትሩ ኳርተር ራውንድ፣ ጫፉ ሲታይ ሩብ ክብ የሆነው፣ ይሻላል። ሚስማሩ ዞኮሎውን ብቻ ይምታ፣ ወደ ሴራሚኩ ከወረደ ይሰነጥቀዋል። ቤዝመንት ስለሆነ የተጨመቀ እንጨት ሳይሆን ፒቪሲ ውሰጂ።

— አመሰግናለሁ። ቤቱ በ1964 የተሠራ ነው፤ የዞኮሎውን አሮጌ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ልፋቀው?

— በፍጹም! በአሜሪካ ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ቀለሙ ሊድ፣ እርሳስ የሚባለው ብረት፣ ሊኖረው ይችላል፣ አቧራው ለሕፃናት መርዝ ነው። መጀመሪያ አስመርምሪው። እስከዚያ ደረቁን አትፋቂ፣ አትቁረጪውም።