«ተስፋ» ከስብከት አልፎ ሰኞ ላይ እንዲደርስ ምን ይደረግ?

መቅረዝ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የዘንድሮ የወጣቶች አገልግሎት ርእስ «ተስፋ» ነው። ርእሱን መምረጥ ቀላል ነበር፤ ጭንቁ ከርእሱ በኋላ ያለው ነው። ወጣቱ ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ የሰውን ኑሮ ከራሱ ጋር ሲያስተያይ ይውላል። ብቸኝነት አለ፣ ሥራ ማጣት አለ፣ «እምነት ለምን ያስፈልጋል?» የሚለው ጥያቄም አለ። እሑድ «አይዞህ» ተብሎ ይሸኛል፣ ሰኞ ያው ነው። ልዩ ጉባኤ ለጥቂት ቀን ያሞቃል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል። በአገልግሎት የቆያችሁ፣ ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚበላሽ በዝርዝር ብትጽፉልኝ።

ባለ በገና
ከስብከቱ ልጀምር፤ ብዙው ብልሽት የሚጀምረው እዚያ ነውና። ሮሜ 5 ላይ ያለውን ቅደም ተከተል ተመልከት፦ መከራ፣ ትዕግሥት፣ ፈተና፣ ከዚያ ተስፋ። ተስፋ አራተኛ ነው። የእኛ ስብከት ግን ሦስቱን ዘልሎ ከአራተኛው ይነሣል፣ ከዚያም ቀን ይቆርጣል፦ «በዚህ ወር በርህ ይከፈታል።» ወሩ አልቆ በሩ ካልተከፈተ ሰሚው ሰባኪውን አይጠራጠርም፤ ወይ ራሱን ይወቅሳል ወይ እግዚአብሔርን። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መድረክ ላይ ቀን መቁረጥን ማቆም ነው።

ሁለተኛው፣ ለልቅሶ ቦታ መስጠት። ሰቆቃወ ኤርምያስን ብታይ የተስፋው ቃል ያለው መሐል ላይ፣ ምዕራፍ 3 ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላም ልቅሶው በ4 እና በ5 ይቀጥላል። መዝሙር 88 (በሌላው አቈጣጠር 87) ደግሞ በጨለማ ነው የሚያልቀው፤ ማንም አላረመውም። በተግባር መዝሙር 13ን (12ን) ውሰድ። አራት ጊዜ «እስከ መቼ» ይላል፣ ከዚያ ይለምናል፣ መጨረሻ ላይ ይታመናል። በወር አንድ ጊዜ የጋራ ጸሎቱን በዚሁ ቅርጽ አድርጉት፦ አንድ ሰው መዝሙሩን ያንብብ፣ ሰው ሁሉ የራሱን «እስከ መቼ» በልቡ የሚልበት ሁለት ደቂቃ ዝምታ ይሁን፣ ከዚያ ልመናው፣ ከዚያ የእምነቱ ቃል። ዝምታው ያስፈራል፤ መሪው በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ዝማሬ ሊያስጀምር ይቸኩላል። ሰዓት ይያዝ።

ደጀ ሰላም ጠባቂ
በስብከቱ እስማማለሁ፤ ግን ብቸኝነትን ስብከት አይፈውሰውም። እ.ኤ.አ. በ1953 ለንደን ውስጥ ቻድ ቫራ የተባለ ካህን ሕይወታቸውን ለማጥፋት ላሰቡ ሰዎች የስልክ መስመር ከፈተ። ወዲያው የታየው ነገር ይገርማል፦ ካህኑን ለማግኘት ተራ ከሚጠብቁት ብዙዎቹ አጠገባቸው ተቀምጠው ሻይ እየሰጡ ካዳመጧቸው ተራ ፈቃደኞች ጋር ከተነጋገሩ በኋላ ካህኑን ማየት ሳያስፈልጋቸው ቀረ። ሥራውም ወደ ፈቃደኞቹ ተላለፈ። ሁሉን ነገር በአንድ አገልጋይ ትከሻ ላይ ለሚጭኑ አጥቢያዎች ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ትንሽ ኅብረት ስታቋቁሙ ከ8 እስከ 10 ሰው ይበቃል፣ መሪ ሁለት፣ ጊዜው አንድ ሰዓት ተኩል። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ለትምህርት ሳይሆን ሳምንቱ እንዴት እንዳለፈ ለመስማት ነው። 12 ካለፈ ለሁለት ይከፈል፤ ሦስቱ ያወራሉ፣ የቀሩት ያዳምጣሉ፣ የሚያዳምጡት ደግሞ ቀስ በቀስ ይቀራሉ። ሌላው የታወቀ ብልሽት የጸሎት ርእስ ሐሜት መሆኑ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን «እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል፤ ለሰው ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ግን ለሚረዳ ሰው እንናገራለን» ይባል።

ለሐዘንተኛና ሥራ ላጣ ሰው ደግሞ ቀጠሮው በወረቀት ይጻፍ፦ በሳምንቱ፣ በወሩ፣ በሦስተኛው ወር፣ በዓመቱ። ከእያንዳንዱ አጠገብ የአንድ ሰው ስም ይኑር፤ «ኮሚቴው ይጠይቃል» ከተባለ ማንም አይጠይቅም። «ካስፈለገህ ደውል» ማለትም አይረዳም፣ የተሰበረ ሰው አይደውልምና። «ማክሰኞ ከሥራ በኋላ እመጣለሁ» በሉት።

ነርስ ዘቤተ ክርስቲያን
ከላይ የተጠቀሰውን «ለሕይወት የሚያሰጋ» ነገር ላብራራ። በዓለም ዙሪያ በዓመት ከ700,000 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ያጠፋሉ፤ አማኞች ከዚህ ውጭ አይደሉም። አንድ ወጣት «ባልኖር ይሻላል» ካለ ሳትሸፋፍኑ ጠይቁት፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም፤ ይልቁንም እፎይ ያሰኘዋል። አዎ ካለ ዕቅድና መሣሪያ እንዳለው ጠይቁ፣ መድኃኒቱን ወይም ስለቱን ከአጠገቡ አርቁ፣ ብቻውን አትተዉት፣ የዚያኑ ዕለት ወደ ሐኪም ውሰዱት። ምስጢር እጠብቃለሁ ብላችሁ ቃል አትግቡ።

የሚበላሸው የት ነው? «ይህ የእምነት ማነስ ነው» ሲባል፣ ወይም መድኃኒት የጀመረውን «በጸሎት ተውው» ሲሉት። የድብርት መድኃኒት ድንገት ሲቋረጥ የራሱን ሕመም ያመጣል፣ በሽታውም ሊያገረሽ ይችላል። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም፤ የሚያጣላቸው ሰው ነው። የአእምሮ ሐኪሞችና የአስቸኳይ እርዳታ ቁጥሮች በአንድ ገጽ ተጽፈው በእያንዳንዱ የኅብረት መሪ እጅ ይኑሩ፣ በየስድስት ወሩም እየተደወለ መሥራታቸው ይረጋገጥ።

መቅረዝ (ጠያቂ)
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ የሚጠራጠሩትን እንዴት እንያዝ? ደግሞ ለተቸገሩት ገንዘብ መስጠት ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም የሚሉ አሉ።

ሒሳብ ሹም
ለጥርጣሬው ጥያቄዎችን በወረቀት፣ ያለ ስም ተቀበሉ። በአንድ ምሽት ከሦስት በላይ አታንሡ፤ ካነሣችሁ ሁሉም ላይ ላዩን ይታለፋል። መልስ ሰጪው «አላውቅም፣ አጥንቼ እመለሳለሁ» ማለት ይችላል፤ በቀጣዩ ጊዜ መመለሱ ግን ግዴታ ነው። 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 ስለ ተስፋችን ለሚጠይቅ ሁሉ እንድንመልስ ሲያዝ አመላለሱንም ጨምሮ ነው፦ በየዋህነት። ጠያቂውን ማሳፈር ትእዛዙን መስበር ነው፣ መልሱ ትክክል ቢሆንም እንኳ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ሐዋርያት ሥራ 6 ላይ መበለቶች ተዘነጉ የሚል ማጉረምረም ሲነሣ ሐዋርያት እርዳታውን አላቆሙም፤ ሰባት ሰዎች ተመርጠው እንዲሾሙበት አደረጉ። እናንተም ሦስት ሰው መድቡ፣ ወጪ በሁለት ፊርማ ይሁን። በተቻለ መጠን ለሰውየው በእጅ ከመስጠት ይልቅ ለአከራዩ ወይም ለትምህርት ቤቱ በቀጥታ ክፈሉ። ለአንድ ሰው የሚሰጠው ጣሪያና የጊዜው ርዝመት አስቀድሞ ይወሰን፣ ለምሳሌ ሦስት ወር፣ ከዚያ እንደገና ይታያል። «ማቆሚያ የለውም» የሚባለው ይህ ሳይወሰን ሲቀር ነው፤ አንዱ ብዙ ያገኛል፣ ሌላው ሳይሰማ ይቀራል፣ ቅሬታውም ከዚያ ይነሣል። ለጉባኤው ድምሩ ይነገር፣ ስም አይነገር። ተረጂውን ፎቶ አንሥቶ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መለጠፍ ደግሞ ፈጽሞ አይደረግ፤ በኋላ የሚቸገር ሰው ሁሉ ያንን ሥዕል እያሰበ ደጃችሁን ሳያንኳኳ ይቀራል።