የቴሌግራም ኩዊዝ ተማሪዎችን ግምት እያስለመደ ነው፤ ምን ይሻላል?

ሰላም ለሁላችሁ። ለ12ኛ ክፍል ሒሳብ በተከፈተ የቴሌግራም ግሩፕ ማታ ማታ በኩዊዝቦት (ጥያቄ እየላከ መልሱን ራሱ በሚያርም የቴሌግራም ቦት) ጥያቄ እንለቃለን። ልጆቹ ወደውታል፣ ችግሩ ያለው ግን ፉክክሩ ላይ ነው። ቦቱ ደረጃ የሚያወጣው በትክክለኛ መልስ ብዛትና በፍጥነት ሲሆን ለስህተት የሚቀነስ ነጥብ የለም። አራት ምርጫ ሲኖር፣ ዝም ብሎ የሚነካ ልጅ ሩቡን ያህል በነጻ ያገኛል፤ ወረቀት ላይ የሚሠራው ደግሞ ሰዓት ያልቅበታል።

ለምሳሌ ኤክስ ስኩዌር በሳይን ኤክስ ተባዝቶ ዴሪቬቲቩ ሲጠየቅ፣ ብዙዎቹ የሚመርጡት 2ኤክስ ኮሳይን ኤክስን ነው። ሁለቱን ለየብቻ ዲፈረንሼት አድርገው ያባዛሉ ማለት ነው። ይህን ስህተት ማሳየት የሚቻለው ፕሮዳክት ሩልን (የሁለት ፈንክሽኖች ብዜት ዴሪቬቲቭ የሚገኝበትን ሕግ) ደረጃ በደረጃ በመጻፍ ነው፤ የኩዊዙ ማብራሪያ ግን ከ200 ፊደል አያልፍም።

ለአንድ ጥያቄ የሚሰጠውን ሰዓት ወደ 5 ደቂቃ ስናረዝም መልስ በውስጥ መስመር መቀባበል ተጀመረ። ስሎው ሞድ (አንድ መልእክት የላከ ሰው ሌላ ለመላክ የተወሰነ ጊዜ እንዲጠብቅ የሚያደርገውን) ስናበራ ደግሞ መጀመሪያ ፎቶ፣ ቀጥሎ ጥያቄውን የሚልኩት ልጆች መሀል ላይ ይታገዳሉ። በጣም የሚያሳዝነው እነዚህ የምር የሚማሩት መሆናቸው ነው።

የምንጠይቀው፦ አሠራሩን ፎቶ አንስቶ ለላከ ነጥብ የሚሰጥ፣ ለስህተት የሚቀንስ ቦት የሠራችሁ ወይም የምታውቁ አላችሁ? ወይስ ደረጃውን ጨርሶ ማጥፋት ይሻላል? ብዙዎቹ የቴሌግራም ፓኬጅ ብቻ ስለሚገዙ ከቴሌግራም የሚያስወጣ መፍትሔ አይሆነንም።