የእናቴ ጫማ ሶል ተላቀቀ፤ ኤን አቭዳት ሸለቆ ውስጥ ነን፣ ምን ላድርግ?

የቤርሼባዋ (ጠያቂ)፦ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። እስራኤል፣ ኔጌቭ በረሃ፣ ኤን አቭዳት ብሔራዊ ፓርክ ነን። የእናቴ የቀኝ ጫማ ሶል ከፊት እስከ ተረከዙ ድረስ አፉን ከፍቷል፤ ሲራመዱ ከሥራቸው ይታጠፋል። ዕድሜያቸው 68 ነው። ድንጋዩ ያቃጥላል፣ በባዶ እግር አይሆንም። ወንድሜ ልጆቹን ይዞ ቀድሞ ወጥቷል። እንዴት እንከተለው?

መንገደኛ፦ የት ጋ ናችሁ? ታች ኩሬው አጠገብ ወይስ ደረጃውን ጀምራችኋል? መኪናውስ በየትኛው በር ነው የቆመው?

የሰፊው ልጅ፦ አባቴ ጫማ ሰፊ ነበር። ማስቲሽ ፍለጋ አትድከሚ። ሶሉን በጣትሽ ንኪው፤ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ከረገፈ ስፖንጁ አርጅቷል፣ ምንም ነገር አይዘውም። ሳይደረግ ለዓመታት የተቀመጠ ጫማ እንዲህ ነው የሚሆነው። ጠንካራ ጨርቅ ፈልጊ፤ ጣቶቹ ከሚታጠፉበት ሥር አሳልፊው፣ ከላይ አጣምሪው፣ ከተረከዙ ፊት ለፊት እንደገና ከሥር አዙሪና ቁርጭምጭሚት ላይ ቋጥሪው። ቋጠሮው ከሥር ከሆነ ድንጋይ ይፈታዋል። የግራውንም አሁኑኑ እሰሪ፤ ሁለቱ የተሠሩት በአንድ ቀን ነው፣ እርሱም ይከተላል።

አባ ይስሐቅ፦ ልጄ፣ ያላችሁበት ቦታ ተራ ሸለቆ አይደለም። የጺን ወንዝ የቦረቦረው ነው። ኦሪት ዘኍልቁ ምዕራፍ 20ን አንብቢ፤ ሕዝቡ ውኃ አጥቶ ሙሴ ዐለቱን የመታው በጺን ምድረ በዳ፣ በቃዴስ ነው። ገደሉን ቀና ብለሽ እዪ፤ ነጩ ድንጋይ ውስጥ የተጋደመው ጥቁር መስመር ባልጩት ነው። ከፍ ብሎ ደግሞ በቢዛንታይን ዘመን መነኮሳት የኖሩባቸው ዋሻዎች አሉ። ኩሬው ውስጥ መግባትም ከእርሱ መጠጣትም ክልክል ነው። ሰማዩ ጥርት ቢል እንኳ አትዘናጉ፤ ከሩቅ የዘነበ ዝናብ ድንገት ጎርፍ ሆኖ ይመጣል።

ጎንደሬው ከአሽዶድ፦ አባባ፣ ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ የእናቷ እግር ግን ይቅደም። እህቴ፣ ለምን መውጣት አስፈለገ? ፏፏቴውም ኩሬውም ያሉት ታች ነው። አይቶ መመለስ ይበቃል።

የቤርሼባዋ፦ ታች ኩሬው ጋ ነን። መኪናውም ታችኛው በር ነው፤ ቁልፉ ግን ወንድሜ ኪስ ውስጥ ነው! ስልኩን አያነሳም። እናቴ ደግሞ «ሱዳን ድረስ በእግሬ የሄድኩ ሴት ይህን ደረጃ አልችልም?» ብለው ተነሥተዋል።

ጎንደሬው ከአሽዶድ፦ እናቴም በዚያው መንገድ ነው ወደ እስራኤል የመጣችው። ያኔ ግን ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም፤ ዛሬ አላቸው። እግራቸውን ስሜ እለምናቸዋለሁ፣ ይቀመጡ።

ሳባ፦ የተላቀቀውን በጨርቅ እሰሩት። ፈጣን ማጣበቂያ ያለው መንገደኛም ጠይቁ።

የሰፊው ልጅ፦ እሰሩት ብያለሁ እኮ። ማጣበቂያው ግን በረገፈ ስፖንጅ ላይ አይሠራም።

መንገደኛ፦ በፍጹም አትውጡ። ከደረጃው ቀጥሎ ዐለቱ ላይ የተተከለ የብረት መሰላል አለ፤ መንገዱም ወደ ላይ ብቻ ነው፣ በመሰላሉ መውረድ ክልክል ነው። ስለዚህ ወንድምሽ ወደ እናንተ ተመልሶ አይወርድም፤ የሚወጣው በላይኛው በር፣ በ40 ቁጥር አውራ ጎዳና በኩል ነው። እናንተ በመጣችሁበት ቀስ ብላችሁ ተመለሱ፤ ወደ ታችኛው በር ያለው መንገድ አጭር ነው። እዚያ ያለውን ሠራተኛ ላይኛው በር ላሉት እንዲነግርልሽ ለምኚው። ወንድምሽ ከላይ መኪና ለምኖ ወይም ታክሲ ይዞ ዞሮ ይመጣል። እናትሽ ካዞራቸው ወይም ከወደቁ ግን ማንንም አትጠብቂ፣ አምቡላንስ ለመጥራት 101 ደውዪ።

ዓለሙ፦ የበረሃ ፍየሎቹንስ አያችኋቸው? የእኛ ዋልያ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። እናታችንን «ዘመዶችዎ መጥተዋል» ብለሽ ጥላ ሥር አስቀምጫቸው፤ እነርሱን ሲያዩ መውጣቱን ይረሱታል።

የቤርሼባዋ፦ እናቴ መቀነታቸውን ፈትተው ራሳቸው አሰሩት። ሁለት ዙር ከጣቶቻቸው ሥር፣ አንድ ዙር ከተረከዙ ፊት። አሥር እርምጃ ሄዱ፣ አልተፈታም። የግራውን በእኔ ሻርፕ አሰርነው። ወደ ታችኛው በር እየተመለስን ነው። ስልኬ 4 በመቶ ቀርቶታል።

የሰፊው ልጅ፦ የመቀነቱን ጫፍ ወደ ውስጥ ክተቱት፣ እንዳያደናቅፋቸው።

መንገደኛ፦ በሩ ጋ ስትደርሱ ጻፊልን።

ጎንደሬው ከአሽዶድ፦ እህቴ፣ ደረሳችሁ? ወንድምሽስ ተገኘ?

ሳባ፦ እኛም በሚቀጥለው ሳምንት አማቴን ይዘን ልንሄድ ነው። አስቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል?

መንገደኛ፦ አዎ፣ በኢንተርኔት። ታችኛውን በር ምረጡ፤ ላይኛውን የገደል ዳር ማያ ደግሞ በመኪና ዞራችሁ እዩት። የአማትሽንም ጫማ ዛሬውኑ አጣጥፈሽ እዪው።