የአክስቴ ልጅ ዋስ ሁኚኝ ብሎኛል፤ ምን ልበል?

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወንድሞችና እህቶች። ጨንቆኛልና ምክራችሁን አትንፈጉኝ።

የአክስቴ ልጅ በገንዘብ ያዥነት ሥራ አግኝቷል። መሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ማስረጃ የሚያቀርብ ዋስ ይፈልጋል። እስከ ሰኞ ካላመጣ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ልጁ ሌባ አይደለም፤ ግን ቀድሞ ይሠራበት ከነበረው ሱቅ የወጣው ሒሳብ ጎድሎበት ነው። እንዴት እንደጎደለ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። (እውነቱን ለመናገር እኔም ደፍሬ አልጠየቅኩትም።)

አክስቴ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ያስተማረችኝ ናት። ትናንት ቡና አፍልታ ጠራችኝ፤ በረካው እስኪጠጣ ስለ ጉዳዩ ትንፍሽ አላለችም። ልወጣ ስል ግን በር ላይ እጄን ያዝ አድርጋ «እንግዲህ አንቺው ነሽ» አለችኝ።

ምሳሌ 6 ላይ ለባልንጀራህ ዋስ ከሆንህ እንደ ሚዳቋ ከአዳኝ እጅ አምልጥ ይላል። ይህን አንብቤ እምቢ ልል ስነሳ፣ ይሁዳ ለብንያም መዋሱ፣ ቅዱስ ጳውሎስም የአናሲሞስን ዕዳ በራሴ ላይ ይቆጠር ማለቱ ትዝ ይለኛል። ጥበብ የጎደለው እግዚአብሔርን ይለምን የሚለውን ያዕቆብ 1፥5ን ይዤ እየጸለይኩ ነው፤ ግን ወደ እሺታ የሚገፋኝ እግዚአብሔር ይሁን ይሉኝታ መለየት አቃተኝ። ንስሐ አባቴ ገጠር ናቸው፤ ስልካቸው አይሠራም። ባለቤቴም ገና አልሰማም።

በዚህ ያለፋችሁ፣ እንዴት ለያችሁት? ዋስትናውን በተወሰነ ገንዘብ ልክ ብቻ መፈረምስ ይቻላል? እምቢ ያላችሁስ ካላችሁ፣ ከዘመድ ሳትቀያየሙ በምን ቃል ተናገራችሁ?