ጉዳቱ በዘረ መል የሚለያይ ከሆነ፣ ካናቢስን እስከ 21 ዓመት መከልከል ተገቢ ነውን?

የውይይቱ መነሻ፦ ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2018 ካናቢስን (ማሪዋና የሚባለውን ዕፅ) ሕጋዊ ካደረገች በኋላ የኩቤክ ክፍለ ሀገር 18 የነበረውን ዝቅተኛ የመግዣ ዕድሜ ከ2020 ጀምሮ ወደ 21 ከፍ አድርጋለች። ይህ ውሳኔ ትክክል ነበርን?

ሄኖክ፦ በእኔ እምነት ትክክል አልነበረም። በ2018 የታተመና ከ180,000 በላይ ሰዎችን የዘረ መል መረጃ የመረመረ ጥናት በዘር የሚወረስ የስኪዞፍሬንያ (የከባድ የአእምሮ ሕመም) ተጋላጭነት ሰውን ወደ ካናቢስ እንደሚያዘነብል የሚጠቁም ማስረጃ አግኝቷል፤ ስለዚህ በተጠቃሚዎች ላይ የምናየውን ሕመም ሁሉ ካናቢስ አመጣው ማለት አንችልም። በዚያ ላይ የ19 ዓመት ወጣት ከመንግሥት መደብር ቢከለከል የሚሄደው የዕቃውን ኃይል ወደማይናገር ሕገወጥ ሻጭ ነው።

ትዕግሥት፦ አቶ ሄኖክ፣ የጠቀሱት ውጤት ተጋላጭነት ወደ ካናቢስ ይመራል ይላል እንጂ ካናቢስ በተራው ተጋላጩን አይጎዳም አይልም። ቲኤችሲ የተባለው አስካሪ ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ ሲቢ1 በሚባል ተቀባይ ላይ ያርፋል፤ ይህ ተቀባይ ግን ሰውነት ራሱ ለሚያመነጫቸው እንደ አናንዳማይድ ላሉ ንጥረ ነገሮች የተዘጋጀና የነርቭ ሴሎች የሚላላኩትን መልእክት ልክ የሚጠብቅ ነው። ቲኤችሲን በዋናነት የሚያፈርሰው ሲዋይፒ2ሲ9 የተባለው የጉበት ኢንዛይም ሲሆን፣ ደካማውን የኢንዛይሙን ዓይነት ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው ተመሳሳይ መጠን ሲውጥ በደሙ ውስጥ የሚገኘው ቲኤችሲ ከሌላው ሰው ሦስት እጥፍ ገደማ ሊደርስ ይችላል። «ጓደኛዬን ምንም አላደረገውም» የሚለው የወጣቶች ማረጋገጫ እጅግ የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው።

ለሳይኮሲስ፣ ማለትም እንደ ስኪዞፍሬንያ ሰውን ከእውነታ ለሚለይ የአእምሮ ሁኔታ፣ የሚጋለጠውን ሰው በአንድ ዘረ መል ለመለየት የተደረገው ጥረት ግን አልሠመረም። በኒውዚላንድ ዱነዲን ከተማ የተወለዱ ልጆችን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች በ2005 ኮምት በተባለው ዘረ መል ላይ ተስፋ ሰጪ ልዩነት ቢያገኙም፣ ተከታዮቹ ጥናቶች ውጤቱን በወጥነት ሊደግሙት አልቻሉም። ተጋላጩን በምርመራ መለየት ካልተቻለ ሕግ ሊቆጣጠር የሚችለው ዕድሜንና የዕቃውን ኃይል ነው። ከአውሮፓና ከብራዚል በተሰበሰበ መረጃ በ2019 የታተመ ጥናትም፣ ቲኤችሲው 10 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ካናቢስ በየቀኑ የሚጠቀሙ ሰዎች ለሳይኮሲስ የመጋለጥ ዕድላቸው ጨርሶ ካልተጠቀሙት ጋር ሲነጻጸር ወደ አምስት እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል።

ሄኖክ፦ እንግዲያው ኃይሉ ይገደብ። ጀርመን በ2024 ባወጣችው ሕግ የካናቢስ ክበቦች (አባላት በጋራ አብቅለው የሚከፋፈሉባቸው ማኅበራት) ከ18 እስከ 20 ዓመት ላሉ አባላት በወር ከ30 ግራም፣ በቲኤችሲም ከ10 ከመቶ በላይ እንዳይሰጡ ደንግጋለች፤ ይህ ወጣቱን ሳያባርር ይጠብቀዋል።

ሰናይት፦ በእጃችን ያለውን የቤተሰብ ታሪክ አትርሱት። በአጠቃላይ ሕዝብ 1 ከመቶ ገደማ የሆነው የስኪዞፍሬንያ ዕድል ወላጁ ለታመመበት ሰው ወደ 10 ከመቶ ይጠጋል። በውጭ አገር የምንኖር ቤተሰቦች ግን የዘመድን የአእምሮ ሕመም ከልጆቻችን እንሸሽጋለን፤ ልጁ ካናቢስ በሕግ በሚሸጥበት ከተማ እያደገ ይህን መደበቅ በደል ነው።

ትዕግሥት፦ እኅቴ ሰናይት ባለችው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። አቶ ሄኖክ፣ የጀርመኑ ሕግ ግን የ18 ዓመት ወጣት በቤቱ ሦስት ተክል እንዲያበቅል ስለሚፈቅድ፣ ባነሡት የ10 ከመቶ ገደብ የሚታሰረው ክበቡ ብቻ ነው።