«ጠንካራ ነሽ» እያሏት እህቴ ልታመልጠን ነበር

የማርቆሷ፦
እንዴት ናችሁ? ከደብረ ማርቆስ ነኝ። እህቴ አሜሪካ በወለደች በአምስተኛው ቀን በቪዲዮ ደወልንላት። እኛ ሕፃኑን ለማየት ስንሻማ እማዬ እሷን ነው ያየቻት። «የዚች ልጅ ፊት ምነው አበጠ?» ለካ ራሷን ሲፈልጣት፣ ዓይኗን ብዥ ሲልባት ሁለት ቀኗ ነው። ሆስፒታል ብትደውል «ጠንካራ ነሽ፣ እንቅልፍ አጥተሽ ነው፤ ማስታገሻ ውሰጂ» ብለዋታል። እማዬ «አሁኑኑ ሂጂ! እምቢ ካሉሽ በራቸው ላይ ተኚ!» ብላ ጮኸችባት። ሄደች። ግፊቷ 178 በ112! እንዳያንቀጠቅጣት ማግኒዥየም የሚባል መድኃኒት ተሰክቶላት ሦስት ቀን ተኛች።
የሥራ ባልደረባዋ «ጥቁር ሴት ስለሆንሽ ነው ያልሰሙሽ» አለቻት። እኔ አልዋጥልኝ አለ። የሰው ሕመም በቆዳ ቀለም ይሰማል እንዴ?

የቡሬ ልጅ ከአትላንታ፦
ይዋጥልሽ እህቴ። ነርስ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በተሠራ ጥናት፣ ከነጭ የሕክምና ተማሪዎችና ሬዚደንቶች (ስፔሻሊቲ የሚማሩ ሐኪሞች) ግማሽ ያህሉ «የጥቁር ቆዳ ወፍራም ነው» ዓይነት የተሳሳተ እምነት ነበራቸው። እዚህ ጥቁር እናት ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ምክንያት የመሞት ዕድሏ ከነጯ 3 እጥፍ ገደማ ነው። ዝናም አያድንም። የቴኒስ ኮከቧ ሴሬና ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ2017 ወልዳ፣ ሳንባዋ ላይ ደም ሳይረጋ እንዳልቀረ ስትናገር ነርሷ መድኃኒቱ ያምታታት መስሏት ነበር። ዝም ካልሽ ጠንካራ፣ ከጮኽሽ ቁጡ ነሽ።

አዋላጇ፣ ባሕር ዳር፦
ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ማሪዮን ሲምስ የሚባል ሐኪም የፌስቱላ (በምጥ ጉዳት ሽንት መቆጣጠር የማቃት) ቀዶ ሕክምናን የተለማመደው በባርነት በተያዙ ሴቶች ላይ ነው፤ ያለ ማደንዘዣ። አናርካ የተባለችው ብቻዋን 30 ጊዜ ያህል ቀዶ ሕክምና ተደርጎባታል። እዚሁ ባሕር ዳር ሐምሊን ማዕከል የሚታከሙት እናቶች ሕመም ያው ነው። ስለ አናርካ ሳነብ የነሱ ፊት ነው የመጣብኝ።
በነገራችን ላይ ራስ ምታት፣ ብዥታና የፊት እብጠት ከወለዱ በኋላም እስከ 6 ሳምንት ድረስ ቀልድ አይደለም።

ደጀን፦
ነጮቹን ብቻ አንማ። እኔ ምጥ ይዞኝ ሳቃስት «የገጠር ሴት አይደለሽ እንዴ፣ ቻይው!» ያለችኝ የራሴው አገር ሰው ናት። አጠገቤ የነበረችውን የከተማ ልጅ ግን «አይዞሽ የኔ ቆንጆ» እያለች ወገቧን ታሽላት ነበር።

የማርቆሷ፦
ደጀን፣ አሳቅሽኝም አስለቀስሽኝም። እህቴ ደህና ናት፣ ተመስገን። እማዬ ግን እስካሁን አላመነችም። በደወልን ቁጥር «ሕፃኑን ተይው፤ ፊትሽን ወደ መስኮቱ አዙሪው» ትላታለች።